የሞተር ሳይክል ቤንዚን፣ ጎማና ዘይት፦ በጅማና አካባቢዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መልሶቹ ከ100 እስከ 150 ሲሲ ለሆኑ ባለ አራት ምት ሞተር ሳይክሎች (ቦክሰር፣ ቲቪኤስና መሰሎቻቸው) የተዘጋጁ ናቸው፤ ባለ ሁለት ምት የሚለይበት ቦታ ላይ ተጠቅሷል።

ሞተር ሳይክሌ በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ እንዴት ልለካ?

ታንከሩን እስከ አንገቱ ይሙሉና ኪሎ ሜትሩን ይመዝግቡ። እንደ ወትሮው እየነዱ ቢያንስ 200 ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኋላ እንደገና እዚያው ልክ ድረስ ይሙሉ። የሄዱትን ኪሎ ሜትር በሁለተኛው ጊዜ ለገባው ሊትር ያካፍሉ። 210 ኪሎ ሜትር ሄደው 4.6 ሊትር ከገባ፣ በሊትር ከ45 ኪሎ ሜትር ተኩል ትንሽ በልጧል ማለት ነው።

ሁለቱንም ጊዜ ሲሞላ ሞተር ሳይክሉ በመሃል ማቆሚያው ቀጥ ብሎ ይቁም። በጎን ማቆሚያ ዘንበል ብሎ ከተሞላ ታንከሩ ውስጥ አየር ይቀራል፤ ግማሽ ሊትር ልዩነት ብቻ ስሌቱን ከአሥር በመቶ በላይ ያዛባል። "ይህን ያህል ብር ቀድቼ ሦስት ቀን ሠራሁ" የሚለው ልኬት ምንም አይነግርም፤ ዋጋውም ይለዋወጣል፣ የቀኑ ሥራም አንድ አይደለም። ሦስት ጊዜ ለክተው አማካዩን ይያዙ።

ስንት ቢሄድ ጥሩ ነው ይባላል?

አንድ ሰው ብቻ ጭኖ፣ በአስፋልት፣ በመጠነኛ ፍጥነት ሲነዳ ከ100 እስከ 125 ሲሲ ያለው በሊትር ከ45 እስከ 60፣ 150 ሲሲው ደግሞ ከ35 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከተማ ውስጥ ሰው እያወረደና እየጫነ የሚውል ከዚህ ያንሳል። ከጎረቤት ሞተር ሳይክል ጋር ከማወዳደር ከራስዎ የቀድሞ ልኬት ጋር ማወዳደር ይሻላል፤ ከአሥር በመቶ በላይ ከወረደ የሚፈለግ ነገር አለ።

ፍጥነት ትልቁን ድርሻ ይይዛል። በከፍተኛው ማርሽ ከ50 እስከ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለእነዚህ ሞተሮች ምቹ ነው። ከ60 ወደ 80 ሲወጣ የነፋሱ ግፊት ወደ 1.8 እጥፍ ያድጋል፤ ትንሹ ሞተር ይህን የሚቋቋመው ቤንዚን በማፍሰስ ነው። ወደ አጋሮ ወይም ወደ ሰርቦ የሚመላለስ ሰው በ80 ሲሄድ የሚያተርፈው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የሚያጣው ግን ቤንዚንም የኋላ ጎማም ነው።

የጎማ ነፋስ ስንት ይሁን?

የአምራቹ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ካቴና መሸፈኛው ላይ ወይም አጠገቡ ተለጥፏል። ወረቀቱ ተልጦ ከሆነ ፊት 25፣ ኋላ ለብቻ 28፣ ሰው ሲፈናጠጥ 32 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ አሃድ) ጥሩ መነሻ ነው። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ቁጥር አይከተሉ፤ እሱ ጎማው የሚችለው ጣሪያ ነው፣ የሚሞላበት ልክ አይደለም።

ጎሚስታ ቤት በጣት ተጫን አድርጎ "ይበቃል" ማለት የተለመደ ነው። ነገር ግን 20 እና 28 ፒኤስአይ በጣት አይለዩም። ትንሽ የእጅ መለኪያ ገዝተው በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት፣ ሳይነዱ ይለኩ። ከተነዳ በኋላ ጎማው ስለሚሞቅ ሦስት አራት ፒኤስአይ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ያንን አይቶ ማስተንፈስ ስህተት ነው። የአየሩ ሙቀት ብቻ በ5 ወይም 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲለወጥ ወደ 1 ፒኤስአይ ይለውጣል።

የነፋስ ማነስ ሦስቱንም ነገር በአንድ ላይ ይነካል። ጎማው እየታጠፈ ስለሚሄድ ይሞቃል፣ ጎንና ጎኑ ቶሎ ይበላል፣ ሞተሩም ለመጎተት ብዙ ቤንዚን ይፈልጋል፣ ዘይቱም አብሮ ይሞቃል። ለዚህ ነው ስለ ቤንዚን ለሚነሳ ቅሬታ መጀመሪያ የሚታየው ጎማ የሆነው። የነፋስ መሙያው ጡት ቸርኬው ላይ አጋድሎ ካዩት፣ በነፋስ ማነስ ምክንያት ጎማው የውስጥ ጎማውን ይዞ እየተንሸራተተ ነው፤ ሳይቆይ ከሥሩ ይቀደዳል።

ዘይት በስንት ኪሎ ሜትር ይቀየር?

አዲስ ሞተር ሳይክል የመጀመሪያው ቅያሬ ከ500 እስከ 750 ኪሎ ሜትር ላይ ነው፤ ከተገጣጠሙት ብረቶች የሚፋቀው ደቃቅ ሁሉ በዚያ ዘይት ውስጥ ነውና መዘግየት የለበትም። ከዚያ በኋላ ለተራው ማዕድናዊ ዘይት ከ2,500 እስከ 3,000 ኪሎ ሜትር በቂ ነው፣ አነዳዱ ቀላል ከሆነ። በከተማ ሰው ለሚያመላልስ፣ በአቧራ ለሚሄድ ወይም በቡና ለቀማ ወቅት ጆንያ ለሚጭን ግን ከ1,500 እስከ 2,000 ይሁን። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው የማይሠራ ከሆነ በቀን ይቁጠሩ፤ በቀን 100 ኪሎ ሜትር የሚሠራ ሞተር ሳይክል በ20 የሥራ ቀን 2,000 ይደርሳል። ብዙ የማይነዳም ቢሆን ስድስት ወር አይለፈው።

"መኪና 5,000 ይሄዳል፣ ሞተር ሳይክል ለምን ያንሳል?" የሚለው ተገቢ ጥያቄ ነው። መኪና ውስጥ ሞተሩና ካምቢዮው የየራሳቸው ዘይት አላቸው። እዚህ ግን 1 ሊትር ገደማ የሆነች ዘይት ፒስተኑንም፣ የማርሽ ጥርሶቹንም፣ ፍሪሲዮኑንም ታገለግላለች። የማርሽ ጥርሶች ዘይቱን እየጨፈለቁ የውፍረት ማቆያውን ይቆራርጡታል፤ 50 ቁጥር (ወፍራም) ሆኖ የገባ ዘይት ከጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ የቀጠነ ዘይት ሆኖ ይወጣል። ማርሽ መግባት ከበደኝ፣ ፎሌ (ማርሽ ያልገባበት ባዶ ቦታ) አላገኝ አለኝ የሚባለው ብዙ ጊዜ ዘይቱ ሲደክም ነው።

20ደብልዩ-50 ማለት ምን ማለት ነው? ለጅማ የትኛው ይስማማል?

ከ"ደብልዩ" በፊት ያለው ቁጥር በብርድ ጊዜ፣ በኋላ ያለው ሞተሩ ሲሞቅ የሚኖረውን ውፍረት ያመለክታል። የመጀመሪያው ባነሰ ቁጥር በቀዝቃዛ ጠዋት ዘይቱ ቶሎ ይዳረሳል፤ ሁለተኛው በበለጠ ቁጥር በሙቀት ጊዜ ወፍሮ ይቆያል። የጅማ ብርድ ለዘይት የሚያሰጋ ስላልሆነ አምራቹ 20ደብልዩ-50 ላለው ሞተር እሱን መጠቀም ምንም ችግር የለውም። መመሪያው 10ደብልዩ-30 የሚል ከሆነ ደግሞ "ወፍራም ይሻላል" ብለው 50 አይጨምሩ፤ የዘይቱ መተላለፊያዎች በዚያ ልክ የተሠሩ ናቸው፣ ሞተሩም ወፍራሙን ለማሽከርከር ትንሽ ቤንዚን ይጨምራል።

የመኪና ዘይት ባደርግበትስ?

ጣሳው ላይ "ጃሶ ኤምኤ" (JASO MA) ወይም "ኤምኤ2" (MA2) የሚል የጃፓን የጥራት ደረጃ ምልክት ይፈልጉ። የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን በዘይት ውስጥ ተነክሮ የሚሠራ ነው፤ ይህ ምልክት ዘይቱ ፍሪሲዮኑን እንደማያንሸራትት የተፈተነ መሆኑን ያሳያል። "ጃሶ ኤምቢ" የሚለው ፍሪሲዮናቸው ደረቅ ለሆነ ስኩተሮች ነው። ለዘመናዊ የቤት መኪና የሚሸጡት ቀጫጭን ዘይቶች፣ 0ደብልዩ-20 እና 5ደብልዩ-30 የመሳሰሉት፣ ቤንዚን ለመቆጠብ ማንሸራተቻ ይጨመርባቸዋል። ለመኪናው ጥሩ የሆነው ያው ነገር እዚህ ፍሪሲዮን ያበላሻል።

መንሸራተቱን ለማወቅ በከፍተኛው ማርሽ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄዱ ነዳጅ በደንብ ይስጡ። ድምፁ ጨምሮ ፍጥነቱ ካልተከተለ ፍሪሲዮኑ አልያዘም። ለናፍጣ መኪና የሚሸጠው 15ደብልዩ-40 በአብዛኛው ይህን ችግር አያመጣም፤ አንዳንዱ የጃሶ ምልክቱም አለበት። ካለበት ይጠቀሙ፣ ከሌለው ይተዉት። የሁለት ምት ዘይት ግን ከቤንዚን ጋር እንዲቃጠል የተሠራ ስለሆነ ባለ አራት ምት ሞተር ውስጥ ፈጽሞ አይገባም።

ዘይቱን ራሴ በትክክል እንዴት ልቀይር?

ሞተሩን አምስት ደቂቃ ያህል ያሙቁትና ያጥፉት፤ የሞቀ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። ሞተር ሳይክሉን በመሃል ማቆሚያው አቁመው የላይኛውን መሙያ ክዳን ከፍተው፣ ከሥር ያለውን ቡሎን ይፍቱ። ቡሎኑ የሚፈታበት ቁልፍ በብዙዎቹ 17 ነው። ቢያንስ 10 ደቂቃ ይንጠብጠብ። ቡሎኑ ጋር ወይም በጎን በኩል የሽቦ ወንፊት ካለ አውጥተው በላምባ ይጠቡት። እዚህ ላይ ጥሩ አድርገው ይመልከቱ፦ እንደ ዱቄት የላመ ግራጫ ብረት የተለመደ ነው፤ በጥፍር የሚነሳ ስብርባሪ ካዩ ማርሽ ወይም ኩሽኔታ እየተሰበረ ነውና ዘይት ሞልቶ መሄድ ነገሩን ማዳፈን ነው።

የቡሎኑን ቀለበት አዲስ ያድርጉ። ሲያጠብቁ በሙሉ ክንድ አይጫኑ፤ የሞተሩ አካል አልሙኒየም ስለሆነ ጥርሱ ይበላል፣ ማስጠገኛውም ከብዙ ጊዜ ዘይት ዋጋ ይበልጣል። መጀመሪያ 0.9 ሊትር ያህል ይጨምሩ፣ ሞተሩን አንድ ሁለት ደቂቃ ያስነሱ፣ አጥፍተው ሦስት ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከዚያ በመለኪያው እያዩ እስከ ላይኛው መስመር ያሟሉ። በብዙ ሞተር ሳይክሎች የዘይት መለኪያ ዘንጉ ሲለካ ቀዳዳው ላይ ይቀመጣል እንጂ ተሽከርክሮ አይገባም፤ የእርስዎ የትኛው እንደሆነ መመሪያው ይናገራል።

ከመስመሩ በላይ መሙላት መልካም የሚመስላቸው አሉ። የበዛውን ዘይት የሚሽከረከሩት ክፍሎች ይመቱታል፣ አረፋ ይሆናል፣ ጉልበት ይበላል፣ ትርፉም በመተንፈሻው ወደ አየር ፊልትሮ ይወጣል። የወጣውን ዘይት በጀሪካን ያጠራቅሙ። ወደ አዌቱ ወንዝ የሚወርድ ቦይ ላይ መድፋት የምንጠጣውንና ከብት የሚጠጣውን ውሃ መበከል ነው።

ዘይቱ በ500 ኪሎ ሜትር ጠቆረ። ተበላሽቷል?

አልተበላሸም። ዘይት ጥላሸት እያጠበ በውስጡ መያዝ ሥራው ነው፤ መጥቆሩ ያንን መሥራቱን ያሳያል። የሚያሳስበው ቀለሙ ሳይሆን ሽታውና ውፍረቱ ነው፦ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ እንደ ውሃ ከቀጠነ ወይም ወተት ከመሰለ።

የኋላ ጎማዬ ለምን ቶሎ ያልቃል?

ጉልበቱን መሬት ላይ የሚያሳርፈው፣ ጭነቱንም የሚሸከመው የኋላው ስለሆነ ከፊቱ ቀድሞ ማለቁ ተፈጥሯዊ ነው። ሲያልቅ ያለው ቅርጽ ግን ምክንያቱን ይናገራል። መሃሉ ብቻ ጠፍጣፋ ከሆነ ነፋስ በዝቷል ወይም ሁልጊዜ ቀጥ ባለ አስፋልት ነው የሚነዳው። ጎንና ጎኑ ከበላ ነፋስ አንሷል። አንድ ጎን ብቻ ከበላ ቸርኬው ቀጥ አላለም፤ ካቴና ሲጠብቅ በግራና በቀኝ ያሉት ምልክቶች እኩል አልተደረጉም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከተላጠ ፍሬን እየቆለፈ ነው። የፊቱ ጎማ ጎድጎድ እያለ ማዕበል የመሰለ አበላል ካሳየ የአሞርዛተሩን ዘይትና የቸርኬውን ኩሽኔታ ያስፈትሹ።

ጭነትን በተመለከተ፣ የእነዚህ ሞተር ሳይክሎች የመሸከም አቅም አሽከርካሪውን ጨምሮ ከ130 እስከ 150 ኪሎ አካባቢ ነው። 65 ኪሎ የሚመዝን አሽከርካሪ፣ ሌላ 65 ኪሎ ተፈናጣጭና አንድ 60 ኪሎ የቡና ጆንያ ሲደመሩ 190 ይሆናሉ። ነፋስ በመጨመር ይህን ማካካስ አይቻልም።

ጎማ ሲገዙ ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ያንብቡ። 2321 ማለት በ2021 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው፤ ዓመቱ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። አምስት ዓመት መደርደሪያ ላይ የተኛ ጎማ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ላስቲኩ ደርቋል፤ እርጥብ አስፋልት ላይ አይዝም። ሲገጠምም ጎኑ ላይ ያለው ቀስት ወደሚዞርበት አቅጣጫ ይሁን።

በክረምት ጭቃ ላይ እንዲይዝ ነፋስ ላስተንፍስ?

ሦስት አራት ፒኤስአይ ዝቅ ማድረግ ይረዳል፤ ከ20 በታች ግን አይውረድ፣ አስፋልት ላይ ሲመለሱም ወዲያው ይሙሉ። የአካባቢያችን ቀይ አፈር ሲርስ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ያለሰልሰዋል፤ ያኔ የነፋሱ መጠን ሳይሆን የጥርሱ ቅርጽ ነው ወሳኙ። ወደ ዴዶ ገጠር በየቀኑ የሚገባ ሰው ጥርሱ የተራራቀ ጎማ ያስፈልገዋል። አስፋልት ላይ የሚውል ግን ያንን ጎማ ቢያስገባ ከመሬት ጋር የሚገናኘው ጫፍ ጫፉ ብቻ ስለሆነ በፍጥነት ያልቃል፣ ቤንዚኑም ይጨምራል። የረጠበ ላስቲክ በሹል ድንጋይና ሚስማር በቀላሉ ይቆረጣል፤ በክረምት ጎሚስታ ጋ የሚያመላልሰው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ካቴና ቤንዚን ይበላል?

ይበላል። የደረቀ ወይም ከልክ በላይ የጠበቀ ካቴና ሞተሩ ያመነጨውን ጉልበት በመንገድ ላይ ያስቀራል። መሃሉን ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ሲያንቀሳቅሱት ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ይጫወት። ጎማውን እያዞሩ ብዙ ቦታ ላይ ይለኩ፤ ካቴና በአንድ በኩል ስለሚለጠጥ እዚህ የላላው እዚያ ይጠብቃል፣ ልኩ የሚያዘው በጠበቀበት ቦታ ነው። ሰው ሲፈናጠጥ ይበልጥ ስለሚወጠር ጥብቅ ካቴና የካምቢዮውን ኩሽኔታ ይጎዳል።

በየ500 ኪሎ ሜትሩ፣ በዝናብ ጊዜ ከዚያም ቀደም ብሎ፣ በላምባ ጠርገው ወፍራም የካምቢዮ ዘይት (90 ቁጥር) በውስጠኛው በኩል ያንጠባጥቡ፤ የተረፈውን በጨርቅ ይጥረጉ። ከሞተር የወጣ አሮጌ ዘይት መቀባት የተለመደ ቢሆንም ውስጡ ያለው የብረት ደቃቅ ካቴናውን ይሞርደዋል። ካቴና ሲለወጥ የፊቱና የኋላው ጥርስም አብሮ ይለወጥ። በተበላ ጥርስ ላይ የተገጠመ አዲስ ካቴና ዕድሜ የለውም።

የአየር ፊልትሮውን ማውጣት ሞተሩን ያፈጥነዋል?

ድምፁን ይጨምራል። ፊልትሮ የሌለው ሞተር በበጋ አቧራ ላይ ሲሄድ የሚገባው አሸዋ ሲሊንደሩንና ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበቶች) ይፍቃል፣ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎም ይዞራል፤ የሞተር ማስጠገኛ ወጪ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የስፖንጁ ዓይነት በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ታጥቦ በደንብ ይደርቃል፣ ከዚያ ጥቂት የሞተር ዘይት ተቀብቶ ይጨመቃል። በቤንዚን አይታጠብ፤ ማጣበቂያውን ያላቅቀዋል። የወረቀቱ ዓይነት አይታጠብም፤ በኮምፕሬሰር ከውስጥ ወደ ውጭ ቀስ ብሎ ይነፋል፣ ሲጠቁር ይለወጣል። የታፈነ ፊልትሮ አየር ቀንሶ ቤንዚን ስለሚያበዛ ውጤቱ ኪሎ ሜትሩ ላይ ወዲያው ይታያል።

በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ችግር አለው?

ማደያ ቤንዚን ሲጠፋ ሰው ምርጫ ያጣል፤ ይህ የሚገባ ነው። ችግሩ የተደባለቀው ነገር አለመታወቁ ነው። ላምባ ሲቀላቀልበት ሞተሩ ጠዋት አልነሳ ይላል፣ ዳገት ላይ ያንኳኳል፣ ነጭ ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ያልተቃጠለው ላምባ በፋሻው አልፎ ወደ ዘይቱ ስለሚወርድ ዘይቱንም ያቀጥናል።

ከመቅዳትዎ በፊት ሁለት ነገር ያድርጉ። ጠርሙሱን ሳያንቀሳቅሱ ጥቂት ደቂቃ አቁመው ከሥሩ በብርሃን ይዩት፤ ውሃ ካለ በመስመር ተለይቶ ይቀመጣል። ከዚያ ጠብታውን ነጭ ወረቀት ላይ ያድርጉ። ንጹህ ቤንዚን በጥቂት ደቂቃ ተንኖ ይጠፋል፤ ላምባ ወይም ናፍጣ ካለበት የቅባት ምልክት ይቀራል። ቤንዚን ቤት ውስጥ በላስቲክ ጠርሙስ ማስቀመጥ ግን በምንም መልኩ አይመከርም፤ ትነቱ ከምድጃ እሳት ጋር ሲገናኝ የሚያደርሰው ጉዳት ብዙ ቤት አቃጥሏል።

የጅማ ከፍታ ቤንዚን ያስበላል?

ካርቡራተር ላለው ሞተር፣ አዎ። ጅማ ከባህር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባህር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ካርቡራተሩ ግን ለዝቅተኛ ቦታ ተመጥኖ ከመጣ ቤንዚኑን በዚያው መጠን መስጠቱን ይቀጥላል፤ ድብልቁ ይወፍራል። ካንዴላውን አውጥተው ሲያዩት ደረቅ ጥላሸት ለብሷል፣ የማርሚታው ጫፍ ጠቁሯል፣ ወደ ጅረን ሲወጣ ይታነቃል። ትክክለኛ ድብልቅ ካንዴላውን ፈካ ያለ ቡናማ ያደርገዋል፤ ነጭ ሆኖ ከወጣ ደግሞ ቤንዚኑ አንሶት ሞተሩ እየተቃጠለ ነው።

መጀመሪያ የሚስተካከለው ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ነው። ሞተሩን ያሙቁ፣ የድብልቁን ቡሎን በካቻቢቴ ሳይጫኑ እስከ መጨረሻው ያስገቡ፣ ከዚያ አንድ ዙር ተኩል ያህል ይመልሱት። ከዚያ በሩብ ሩብ ዙር እያንቀሳቀሱ ሞተሩ ከሁሉም በላይ የሚፈጥንበትን ቦታ ይፈልጉ፤ በመጨረሻ በሚኒሞው ቡሎን በደቂቃ ወደ 1,300 ዙር ያውርዱት። አቅጣጫውን ልብ ይበሉ፦ ቡሎኑ በፊልትሮው በኩል ከሆነ አየር ነው የሚቆጣጠረው፣ ማስገባት ያወፍራል። በሞተሩ በኩል ከሆነ ቤንዚን ነው፣ ማስገባት ያቀጥናል። ሁለቱን ማምታታት የብዙ ያልተሳካ ማስተካከያ ምክንያት ነው።

ያ ካልበቃ ዋናውን ጂግለር፣ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ናስ፣ በአንድ ደረጃ ባነሰ መተካት ይቻላል። ቀዳዳውን በሽቦ መጎርጎር ወይም በከፊል መድፈን መፍትሔ አይደለም። በመቱ በኩል ወደ ጋምቤላ ለሚወርድ ሰው ደግሞ ይህ ቅያሬ አደገኛ ነው፤ ቆላው ላይ አየሩ ስለሚበዛ ድብልቁ ይቀጥንና ሞተሩ ከልክ በላይ ይሞቃል። ኢንጀክሽን ያለው ሞተር ግፊቱን እየለካ ራሱ ስለሚያስተካክል ይህ ሁሉ አይመለከተውም።

ቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፍቼ ብወርድ ቤንዚን ይተርፈኛል?

ወደ ጊቤ በረሃ በሚወርደው ረጅም ቁልቁለት አሥር ደቂቃ አጥፍቶ መውረድ የሚያስተርፈው ቤንዚን አንድ የቡና ሲኒ አይሞላም። በምትኩ ሞተሩ የሚይዘው ፍጥነት ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑ ሲግል መያዝ ያቆማል። በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ ነዳጅ ሳይሰጡ ይውረዱ።

ባለ ሁለት ምት ከሆነ የሚጨመር ነገር አለ። ለፒስተኑ ዘይት የሚደርሰው ከቤንዚኑ ጋር ስለሆነ፣ ነዳጅ ተዘግቶ በማርሽ ረጅም ቁልቁለት ሲወርድ ፒስተኑ ሊነክስ ይችላል። በየጥቂት ሰከንዱ ነዳጅ ጠቅ ማድረግ ያስፈልጋል።

የዘይቱ ክዳን ላይ ነጭ አረፋ አለ፤ ወይም ዘይቱ ሳልጨምር ከፍ አለ። ምንድን ነው?

ነጩ ውሃ ነው። በክረምት አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ ሞተር በደንብ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ ውስጡ ያለው እርጥበት አይተንም። ክዳኑ ላይ ብቻ ትንሽ ከሆነ 30 ደቂቃ ያህል ያለማቋረጥ መንዳት ያደርቀዋል። የወጣው ዘይት ሁሉ ወተት ከመሰለ ግን ጅረት ሲሻገር ወይም በግፊት ውሃ ሲታጠብ ገብቷል፤ ሞተሩን ሳያስነሱ ዘይቱን ይቀይሩ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላም ይድገሙት።

ደረጃው ከፍ ብሎ ቤንዚን ከሸተተ የካርቡራተሩ ተንሳፋፊ መዝጊያ መርፌ አልዘጋም፤ ሌሊቱን ቤንዚን ወደ ሲሊንደር ይወርዳል። መርፌው እስኪለወጥ ድረስ በቆመ ቁጥር የታንከሩን መክፈቻ ይዝጉ። በዚህ ዘይት አይንዱ፤ ቤንዚን ያቀጠነው ዘይት ብረትን ከብረት አይለይም።

ዘይት ይጎድላል፣ ግን የትም አይፈስም።

እየተቃጠለ ነው፤ የጭሱ ጊዜ ከየት እንደሚገባ ይለያል። ጠዋት ሲነሳ ወይም ከረጅም ቁልቁለት በኋላ ነዳጅ ሲሰጥ ብቻ ሰማያዊ ጭስ ካወጣ የቫልቭ ጎማዎቹ ደርቀዋል፤ ይህ ቀላሉ ጥገና ነው። ዳገት ላይ ሁልጊዜ የሚያጨስ ከሆነ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ አልቋል። ለማረጋገጥ ኮምፕሬሽን ይለካ፤ ከዚያ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ተጨምሮ ይደገም። ቁጥሩ ጉልህ ከፍ ካለ ጥፋቱ ፋሻው ነው፣ ካልተለወጠ ቫልቩ። ውድ ሲንተቲክ ዘይት መጨመር ያለቀ ፋሻ አይመልስም።

ሁሉንም አስተካክያለሁ፤ አሁንም ቤንዚን ይበላል። ምን ቀረ?

ሁለቱንም ጎማዎች በየተራ ከመሬት አንስተው በእጅ ያዙሯቸው። ሁለት ሦስት ዙር ሳይሄድ የሚቆም ካለ ፍሬኑ ይዞታል ወይም ኩሽኔታው ደርቋል። የፍሪሲዮን እጀታው ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ባዶ እንቅስቃሴ ይኑር፤ ከሌለ ሁልጊዜ በከፊል እንደተያዘ ነው የሚሄደው። ቾኩ ሙሉ በሙሉ መመለሱን ይዩ። ከዚያ የቫልቭ ክፍተት ይለካ፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ። በአብዛኞቹ ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር ነው። ክፍተቱ የጠፋ ቫልቭ በደንብ ስለማይዘጋ ድምፅ ሳያሰማ ጉልበት ያባክናል፤ ድምፅ የሚያሰማው የላላው ነው፣ ለዚህም ነው የጠበቀው የሚረሳው። አንዱን አስተካክለው ይለኩ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ይሂዱ፤ ሁሉንም በአንድ ቀን ከነካኩ የትኛው እንደረዳ አይታወቅም።

ይህ ሁሉ ተፈትሾ ምንም ካልተገኘ ቆጣሪውን ይጠራጠሩ። በብዙ ሞተር ሳይክሎች ኪሎ ሜትሩ የሚቆጠረው ከፊት ጎማ ዙር ነው። መጀመሪያ ከነበረው የወፈረ ጎማ ከተገጠመ በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ስለሚሄድ ቆጣሪው ያሳንሳል፤ ቤንዚኑ ሳይጨምር የጨመረ ይመስላል። ስልክዎ ላይ ባለ የጂፒኤስ መተግበሪያ ወደ ሰርቦ ወይም ወደ ሰቃ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደው ያወዳድሩ። ስልኩ 20 ሲል ቆጣሪው 19 ካለ፣ ከቁጥሩ አምስት በመቶ የጠፋው እዚያ ነው።